የእንጨት ማለስለሻ መኪና ሲለወጥ ወረቀቱና መቀመጫው እንዲስማሙ ስለ ማድረግ

የኤሌክትሪክ ኀይል በደረሰበት ቀበሌ ያለ ትምህርት ቤት፣ ዴስኩንና አግዳሚውን ወንበር የሚያድስበት አንድ የእንጨት ማለስለሻ መኪና ቢኖረው ብዙ ድካም ይቀንስለታል። ይህ መኪና ከሥሩ ክብ የብርጭቆ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ወረቀቱንም በራሱ ላይ እያዞረ፣ ደግሞ በጠባብ ክብ እያወዛወዘ እንጨቱን ያለሰልሳል። መኪናው አርጅቶ ሌላ በሚገዛበት ጊዜ ግን ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው ጕልበቱንና ዋጋውን ብቻ ስለ ሆነ፣ በሣጥን ተቀምጦ የነበረው ወረቀት ለአዲሱ የማይስማማ ሆኖ ይገኛል። የመኪናው ዋጋ አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ የወረቀቱ ዋጋ ግን ሁልጊዜ ነውና፣ በእጅ ያለውን ወረቀት አይቶ መኪናውን መምረጥ ይሻላል።

አስቀድሞ ግን መኪናው በእውነት መለወጥ የሚያስፈልገው መሆኑ ይመርመር። ወረቀቱ የሚለጠፍበት ክብ መቀመጫ ፊቱ በጥቃቅን መንጠቆ የተሞላ ነው፤ የወረቀቱም ጀርባ ለመንጠቆው መያዣ የሚሆን ለስላሳ ጭረት አለው። ይህም በልብስና በጫማ ላይ የምናውቀው፣ የስዊስ ተወላጅ የሆነው ጆርጅ ደ ሜስትራል የፈለሰፈውና በ1955 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቈጣጠር) በአሜሪካ የፈጠራ መብት የተሰጠው ቬልክሮ ነው። ሠራተኛው መኪናውን በኀይል ሲጫነው ሙቀቱ መንጠቆዎቹን ያቀልጣቸዋል፤ ከዚህ በኋላ ወረቀቱ እየተፈናጠረ ይወድቃል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ መኪናው ተበላሸ ይላል፤ የተበላሸው ግን መቀመጫው ብቻ ነው። መቀመጫውም በብሎን የታሰረ ስለ ሆነ በካቻቪቴ ተፈትቶ ይለወጣል። ነገር ግን በአንዱ መኪና ብሎኑ አንድ፣ በሌላው ሦስት ወይም አራት ነው፤ ክብደቱም ከመኪናው ሚዛን ጋራ ተመዝኖ የተሠራ ነው። ስለዚህ ለዚያው ዓይነት መኪና የተሠራ መቀመጫ ካልሆነ በቀር መግዛት አይገባም።

መኪናው ራሱ የሚለወጥ ከሆነ አስቀድሞ ስፋቱ ይታይ። የታወቁት ስፋቶች ሁለት ናቸው፤ 125 ሚሊሜትር (5 ኢንች ያህል) እና 150 ሚሊሜትር (6 ኢንች ያህል)። በቦሽ መኪናዎች ስም ላይ የሚገኘው 125 ወይም 150 ይህንኑ ስፋት ያመለክታል፤ ከማኪታ መኪናዎች ደግሞ ቢኦ5031 የተባለው ባለ 125፣ ቢኦ6030 የተባለው ባለ 150 ነው። ወረቀቱ ከመቀመጫው ቢሰፋ ጠርዙ ይቀደዳል፤ ቢጠብ ደግሞ ያልተሸፈነው መንጠቆ እንጨቱን እየነካ ያልቃል።

እጅግ የሚያስፈልገው ነገር ግን ቀዳዳው ነው። በወረቀቱና በመቀመጫው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ፊት ለፊት ሲገጥሙ ብናኙ በእነርሱ በኩል ወደ ከረጢቱ ይሳባል፤ ካልገጠሙ ግን ብናኙ ከወረቀቱ በታች ይቀራል፤ ወረቀቱ ቶሎ ይደፈናል፤ የቀረውም በአየር ላይ ይበተናል። ይህን እንደ ትንሽ ነገር ሊቈጥረው የሚወድ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን የዓለም የጤና ድርጅት ክፍል የሆነው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቈጣጠር) ባወጣው መጽሐፍ የእንጨትን ብናኝ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ጋራ ቈጥሮታል። ዋንዛውንና ዝግባውን የሚያለሰልሰው መምህር፣ በአጠገቡም ቆመው የሚማሩት ልጆች የሚተነፍሱት ይህንኑ ነው። ቀዳዳው ቢገጥም እንኳ አፍና አፍንጫን የሚሸፍን ጭንብል ማድረግና በደጅ መሥራት አይቀርም።

በ125 ሚሊሜትር ወረቀት ላይ ብዙውን ጊዜ ቀዳዳው ስምንት ነው። በ150 ግን ስድስትም፣ ዘጠኝም፣ አሥራ አምስትም፣ አሥራ ሰባትም ያለው አለ። ቍጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ የሚሰፋበትና የሚጠብበት ጊዜ ስላለ ቈጥሮ ብቻ መመለስ አይበቃም። መልካሙ ዘዴ ይህ ነው፤ ከሣጥኑ አንድ ወረቀት ይዞ ወደ ሱቅ መሄድና በአዲሱ መቀመጫ ላይ አስደግፎ ማየት። ወረቀቱ ካለቀ ደግሞ በአሮጌው መቀመጫ ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግቶ በእርሳስ ወይም በከሰል ቢያሹት የቀዳዳዎቹ ምስል ይወጣል፤ ይህን ለነጋዴው ማሳየት ይቻላል። የሚስማማ ቢታጣ፣ እንደ ወንፊት ተሠርቶ ሁለንተናው ክፍት የሆነ የማለስለሻ ክብ አለ፤ እርሱ የቀዳዳዎቹን አደራደር አይመርጥም፤ ዋጋው ግን ይበልጣል።

ጀርባው ሙጫ የተቀባ ወረቀትም አለ፤ ለእርሱ የሚሆነው ፊቱ ልሙጥ የሆነ መቀመጫ ነው። በመንጠቆው ላይ ቢለጥፉት ሙጫው መንጠቆውን ያበላሻል። በወረቀቱ ጀርባ የተጻፈው 80 ወይም 120 ወይም 180 የሚል ቍጥር የሻካራነቱ መጠን ነው፤ ቍጥሩ በበዛ መጠን ወረቀቱ ይለሰልሳል። ይህ ቍጥር ከመኪናው ዓይነት ጋራ ግንኙነት ስለሌለው ገዢው አይጨነቅበት።

በአሜሪካ ያሉ የአገር ልጆች መኪና በስጦታ ሲልኩ ደግሞ ሌላ ነገር መታየት አለበት። የዚያ አገር መኪና ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ ኀይል 220 ቮልት ነውና በቀጥታ ቢሰኩት ይቃጠላል። ላኪው ገና ሳይገዛ የቮልቱን መጠን፣ የወረቀቱን ስፋትና በከሰል የወጣውን የቀዳዳ ምስል በደብዳቤ ይላኩለት።