ስለ ምት መግጠምና ስለ ድርብርብ መረቦች

የየራሳቸው ምት ያላቸው ብዙ ነገሮች እርስ በርሳቸው በመጠኑ እየተሳሳቡ በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ፍጥነት ሲሄዱ፣ ይህን ሁኔታ «ምት መግጠም» ብለን እንጠራዋለን። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ምት መግጠም በምን ሕግ እንደሚፈጸም ማስረዳትና መረቦች ሲደራረቡ የሚመጣውን ጥቅምና አደጋ ማመልከት ነው። ጉዳዩ የፊዚክስና የሒሳብ ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ የአንድ አገር መብራት መብራቱና መጥፋቱ በዚሁ ይወሰናልና።

ነገሩን አስቀድሞ መርምሮ የጻፈው የሆላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሆይገንስ ነው። በ1665 ዓ.ም. (ዘመኑ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በአንድ ተሸካሚ ላይ የተሰቀሉ ሁለት የፔንዱለም ሰዓቶች፣ በእኩል ፍጥነት ነገር ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ሲወዛወዙ አገኛቸው። ሆን ብሎ ቢያውካቸውም ግማሽ ሰዓት ያህል ቈይተው ወደዚያው ይመለሱ ነበር። ምክንያቱ፣ በተሸካሚው በኩል አንዱ ለሌላው የሚያስተላልፈው እጅግ ጥቂት ንቅናቄ ነው።

ሰዓቶቹ ሁለት መሆናቸው ቀርቶ እልፍ ቢሆኑስ? ለዚህ ግልጽ የሒሳብ መልስ የሰጠው ጃፓናዊው ዮሺኪ ኩራሞቶ ሲሆን፣ አሳቡን ያቀረበው በ1975 ዓ.ም. ነው። በእርሱ አሳብ እያንዳንዱን ተወዛዋዥ ሁለት ነገሮች ይነዱታል፤ አንደኛው የገዛ ፍጥነቱ፣ ሁለተኛው ወደ ጓደኞቹ ምት የሚስበው ኃይል ነው። መሳሳቡ ደካማ ሲሆን ሁሉም በየፊናው ይሄዳል። ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ግን ከመካከላቸው አንድ ጭፍራ ምቱን ይገጥማል፤ መሳሳቡ እየጨመረ በሄደ ቍጥር ጭፍራውም ይበዛል። በየራሳቸው ፍጥነት መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ከሆነ፣ ይህ ልክ ከፍ ይላል።

ኩራሞቶ እያንዳንዱን ከሁሉም ጋር የተያያዘ አድርጎ ቈጥሮ ነበር። በገሐዱ ዓለም ግን ግንኙነቱ መረብ ነው፤ መረቡም ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ አይደለም። ማኅሌት የቆሙትን መዘምራን ለምሳሌ እንውሰድ። ዜማውንና ከበሮውን በጆሮ ይሰማሉ፤ የመቋሚያውን እንቅስቃሴ በዓይን ያያሉ። ማን ማንን እንደሚሰማና ማን ማንን እንደሚያይ ሁለት የተለያዩ መረቦች ናቸው፤ ሰዎቹ ግን በሁለቱም ውስጥ እነዚያው ናቸው። እንዲህ ያለውን «ድርብርብ መረብ» እንለዋለን። አንዱ መረብ ብቻውን የማያስገኘውን ስምምነት የሌላው መደረብ ሊያስገኘው ይችላል፤ እንደዚሁም ያለውን ስምምነት ሊያፈርሰው ይችላል።

አሁን ወደ ኤሌክትሪክ እንሻገር። በተለዋዋጭ ኮረንቲ መረብ የተያያዙ ማመንጫዎች ሁሉ በአንድ ምት መሄድ አለባቸው። በኢትዮጵያም ሆነ በኤውሮፓ ይህ ምት በሴኮንድ 50 ነው። የሚመነጨው ኃይል ከሚፈጀው ሲያንስ ምቱ ይዘገያል፤ ከልክ በላይ ሲዘገይ ማመንጫዎቹ ራሳቸውን ከጉዳት ለማዳን ከመረቡ ይለያሉ፤ በዚህም ጉድለቱ ይብሳል።

በሴፕቴምበር 28 ቀን 2003 ዓ.ም. ሌሊት በኢጣልያ የሆነው ይህ ነው። በስዊስ አገር አንድ ከፍተኛ መስመር ከዛፍ ጋር ተገናኝቶ ተቋረጠ። ሸክሙ የተዛወረበት ሌላ መስመርም 24 ደቂቃ ያህል ቈይቶ ተቋረጠ። ወዲያው የቀሩት መስመሮች ተከታትለው ወደቁ፤ ኢጣልያም ከኤውሮፓ መረብ ተለየች። ከውጭ የምታገኘውን ኃይል በአንድ ጊዜ ስላጣች ምቷ ወረደ፤ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላም ከሳርዲኒያ ደሴት በቀር አገሪቱ ጨለመች። መብራት ያጣው ሕዝብ ከ50 ሚሊዮን በላይ ነበር።

ከዚህ ጥፋት ተነሥተው ቡልዲሬቭና ባልደረቦቹ በ2010 ዓ.ም. አንድ ጥናት አወጡ። ማመንጫው ያለ መቈጣጠሪያው የመገናኛ መረብ አይሠራም፤ የመገናኛው መረብ ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም። ስለዚህ በአንዱ የደረሰው ጉዳት ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ከዚያም ተመልሶ ወደ ፊተኛው ይመጣል። እያንዳንዱ ብቻውን ቢሆን ሊችለው የሚችለው ጉዳት፣ ሁለቱን ተደጋጋፊዎች አንድ ላይ ሊጥል እንደሚችል በሒሳብ አሳዩ።

«እንግዲያው መስመር እንጨምር» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ዊትሃውትና ቲመ በ2012 ዓ.ም. እንዳስረዱት፣ አዲስ መስመር ሁልጊዜ አይረዳም። ኮረንቲ በመረቡ ሁሉ ስለሚከፋፈል፣ አዲሱ መስመር ቀድሞውንም የተጨናነቀውን መስመር ከአቅሙ በላይ ሊጭነው ይችላል፤ ያን ጊዜ ጸንቶ የነበረው ምት ይፈርሳል።

ሳርዲኒያ ለምን ዳነች? ከዋናው ምድር ጋር የምትያያዘው በቀጥተኛ ኮረንቲ ስለሆነ ነው። ቀጥተኛ ኮረንቲ ኃይልን ያሻግራል እንጂ ምትን አያሻግርም፤ በሁለቱ ጫፎች ያሉት መረቦች የየራሳቸውን ምት ይዘው ይኖራሉ። በአገራችንም ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በኬንያ እስከ ሱስዋ የሚደርሰው፣ 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውና በ2022 ዓ.ም. ኃይል ማስተላለፍ የጀመረው መስመር የተሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ግፊቱ 500 ሺህ ቮልት፣ አቅሙም እስከ 2,000 ሜጋዋት ነው። ይሁን እንጂ ዘዴው ፍጹም ዋስትና አይደለም፤ መስመሩ ቢቋረጥ ተቀባዩ አገር ያንኑ ያህል ኃይል በአንድ ጊዜ ያጣል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ግንኙነት ብቻውን ስምምነትን እንደማያመጣ ነው። አንድ መረብ ከሌላው ጋር ሲያያዝ መጠየቅ ያለበት «ስንት መስመር ይዘርጋ?» የሚለው ብቻ አይደለም፤ «በመስመሩ ላይ ምን ይሻገር፣ ምንስ አይሻገር?» የሚለውም ጭምር ነው። አገራችን ከጎረቤቶቿ ጋር በኤሌክትሪክ እየተሳሰረች በምትሄድበት በዚህ ጊዜ፣ ይህ ጥያቄ የምሕንድስናና የሒሳብ ተማሪዎችን በአንድነት የሚያሠራ ነው ብለን እናምናለን።