የወይን ጠጅ ሰርተፍኬት፦ የሚወራውና የሚማሩት

«ለመጠጥ ደግሞ ትምህርት ምን ያደርግለታል?» የወይን ጠጅ አመራረት ሰርተፍኬት ልማር ነው ያለ ሰው ከዘመድ አዝማዱ መጀመሪያ የሚሰማው ይህንኑ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ በኦንላይን የሚሰጠውን ፕሮግራም ምሳሌ አድርገን፣ በዚህ ሙያ ዙሪያ የሚወራውን ክፍል ውስጥ ከሚሠራው ጋር እናስተያየው።

ተረት፦ ትምህርቱ መጠጣት ነው

የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች ዩኒቨርሲቲያቸው ስለ ወይን እርሻና ስለ ወይን ጠጅ እንዲያስተምር የደነገጉት እ.ኤ.አ. በ1880 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ፊሎክሴራ የምትባል ሥር መጣጭ ተባይ እርሻውን እየፈጀች ነበር። ችግሩ የገበሬ ነበር፤ መልሱ ደግሞ ከሳይንስ ይጠበቅ ነበር።

ዛሬም ነገሩ ያው ነው። ተማሪው በቅድሚያ ስኳር መለካት ይማራል። ጭማቂው ከመቶ 24 እጅ ስኳር ይዞ እርሾው አንጠፍጥፎ ከበላው፣ የሚገኘው 14 በመቶ ገደማ አልኮል ነው። ቀጥሎ አሲድ ይመጣል። የፒኤች ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን፣ ወይን ጠጁን ከብልሽት የሚጠብቀው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ መጠኑ ተሰልቶ እንጂ በግምት አይጨመርም። ኬሚስትሪውን የረሳ ሰው እዚህ ላይ ይንገዳገዳል፤ ቀድሞ ቢከልስ ይበጀዋል።

ቅምሻም አለ፤ ግን ተቀምሶ ይተፋል። በካሊፎርኒያ ከ21 ዓመት በታች መጠጥ ክልክል በመሆኑ፣ ወጣት ተማሪዎች የሚማሩበትን ወይን ጠጅ እንኳ መቅመስ አይችሉም ነበር። ከ2015 ጀምሮ ሕጉ 18 ዓመት የሞላው የዘርፉ ተማሪ ለትምህርቱ እንዲቀምስ ፈቅዷል፤ እንዲውጥ ግን አልፈቀደም።

ተረት፦ ጥሩ አፍንጫ አብሮ ይወለዳል

ከዚህ ሁሉ ብዙ ሰው የሚያስቀረው ይሄኛው እምነት ነው። «እኔ ወይን ጠጁ ወይን ጠጅ ከመሽተት በቀር ምንም አይለኝም» ይላሉ። የማሽተት ችሎታ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ይህ እውነት ነው። አብዛኛው ጀማሪ ግን ሽታው አይጠፋበትም፤ የሚጠፋበት ስሙ ነው። የዴቪሷ ፕሮፌሰር አን ኖብል በ1980ዎቹ የሽታ ክብ የተባለውን ሰንጠረዥ ያዘጋጁት ለዚህ ነበር። መሃሉ ላይ «ፍራፍሬ»፣ «ቅመም» የሚሉ ሰፋፊ ቃላት አሉ፤ ወደ ዳር በወጡ ቁጥር እየጠበቡ ሄደው እንጆሪ፣ ቅርንፉድ፣ ቫኒላ ላይ ይደርሳሉ። «ግሩም»፣ «የተከበረ» የሚሉ ቃላት ክቡ ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ ወይን ጠጁን ሳይሆን የጠጪውን ስሜት ነውና የሚናገሩት።

ልምምዱ ቤት ውስጥ ይሠራል። ጠንካራ ሽታ የሌለው ርካሽ ነጭ ወይን ጠጅ በየብርጭቆው ይቀዳል። አንዱ ላይ ቁራጭ ቃሪያ፣ ሌላው ላይ አንድ ፍሬ ቅርንፉድ ይጨመርና ተከድኖ ይቆያል፤ ከዚያ የተጨመረው ነገር ወጥቶ በአፍንጫ ብቻ ይለያል። ኮረሪማን ከሄል፣ ጥቁር አዝሙድን ከነጭ አዝሙድ ሳያይ የሚለይ ሰው እዚህ ባዶ እጁን አይመጣም። የእናቶቻችን ጓዳ ትልቅ የሽታ ትምህርት ቤት መሆኑን ብንገነዘብ ደስ ይለኛል።

ሽታውን ለይቶ መጥራት ደግሞ ለጉራ አይደለም። ካቤርኔ ሶቪኞን ላይ የቃሪያ ሽታ ከበረታ፣ ፍሬው በደንብ ሳይበስል ተለቅሟል፣ አለዚያም ቅጠል ጋርዶት ፀሐይ አላገኘም ማለት ሊሆን ይችላል። የሠለጠነ አፍንጫ ከብርጭቆው ተነስቶ እርሻው ላይ የተሠራውን ስህተት ያነባል።

በ2001 የታተመ የቦርዶ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ለ54 የወይን ጠጅ ሳይንስ ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም የቀላ ነጭ ወይን ጠጅ አቀረቡላቸው፤ ተማሪዎቹም ለቀይ በሚነገሩ ቃላት ገለጹት። ይህን እየጠቀሱ «ሙያው ማጭበርበር ነው» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ጥናቱ የሚነግረን ዓይን አፍንጫን እንደሚመራ ነው፤ ቁም ነገረኛ ቅምሻ የጠርሙሱ ስም ተሸፍኖ፣ አንዳንዴም በጥቁር ብርጭቆ የሚካሄደው ለዚሁ ነው። የብርጭቆው ግድግዳ ላይ የሚንቆረቆረው «እንባ»ም ቢሆን የጥራት ምልክት አይደለም፤ አልኮሉ ከውሃው ቀድሞ ስለሚተን የሚፈጠር ነው።

ተረት፦ ሰርተፍኬት የያዘ ሁሉ ሶምሊየር ነው

ሶምሊየር ምግብ ቤት ውስጥ ወይን ጠጅ መርጦ የሚያቀርብ ባለሙያ ነው። በ1969 ለንደን ላይ የተቋቋመው የወይንና የመጠጥ ትምህርት ድርጅት የሚሰጣቸው ደረጃዎች ለሻጭ፣ ለአስመጪና ለአስተናጋጅ ይስማማሉ። የዴቪሱ ሰርተፍኬት ግን ለሚያመርተው ሰው የታሰበ ነው። የአራት ዓመት ዲግሪንም አይተካም። መማር የፈለገ ሰው ከመመዝገቡ በፊት «መሥራት ነው ወይስ መሸጥ የምፈልገው?» ብሎ ቢጠይቅ ገንዘቡንም ጊዜውንም ያድናል።

ኦንላይን የማይሰጠው ነገርም አለ፤ የጉልበት ሥራውን። በመኸር ወቅት የአምራቹ ቀን የሚያልፈው በብዛት ጋን በማጠብና ቱቦ በመጎተት ነው። የሚፈላ ጋን የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ጋኑ ውስጥ ይተኛል፤ ሳይለኩ የገቡ ሠራተኞችን ገድሏል። ይህን በመጽሐፍ ካወቁ በኋላ፣ ቢያንስ አንድ መኸር ልምድ ካለው ሰው ሥር ሆኖ መሥራት ግድ ነው።

ተረት፦ ለእኛ ምን ይረባል?

ዝዋይ አጠገብ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ የተከለው የወይን እርሻ ምርቱን በ2014 ለገበያ አቅርቧል። እዚያ የካሊፎርኒያ ክረምት የለም፤ ተክሉን የሚያሳርፈው ብርድ ሳይሆን የገበሬው መግረዝና ውሃ መቀነስ ነው። ስለዚህ የዴቪስን የቀን መቁጠሪያ እንዳለ መገልበጥ አይሠራም፤ የተክሉን አፈጣጠር የተረዳ ሰው ግን ያስማማዋል።

በአሜሪካ ላሉት ወገኖቻችን ደግሞ ጉዳዩ ጠጅ ነው። የፌዴራሉ ሕግ የማር ጠጅን ከወይን ጠጅ ምድብ ያስገባዋል። ሁለት አዋቂዎች ያሉበት ቤተሰብ ለራሱ በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ማለትም 757 ሊትር ያህል፣ ያለ ቀረጥ መጣል ይችላል፤ አንዲት ጠርሙስ ለመሸጥ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ከፈቃዱ በኋላ የሚመጣው ችግር ጠርሙሱ ነው። የእኛ ጠጅ ጣፋጭነት ሳይለቀው፣ እርሾውም በሕይወት እያለ ይጠጣል። ያ ጠጅ በጥብቅ ከታሸገ ውስጡ መፍላቱን ይቀጥላል፤ ክዳኑን ያስፈነጥራል፣ ጠርሙሱንም ሊሰብር ይችላል። እናቶቻችን ብዙ ጊዜ ለዚህ አልተጨነቁም፤ ጠጁ ከጋን ወደ ብርሌ ተቀድቶ ያልቅ ነበርና። መደርደሪያ ላይ ወራት ለሚቆይ ጠጅ ግን የቀረውን ስኳር መለካት፣ ከዚያም እርሾውን 0.45 ማይክሮን ቀዳዳ ባለው ማጣሪያ ማስቀረት ወይም በፖታሲየም ሶርቤትና በሰልፈር ዳይኦክሳይድ እንዳይራባ ማድረግ ያስፈልጋል። ጠጅ ሊሸጥ ያሰበ ሰው የትምህርት ዝርዝሩን ሲያይ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ስለ ማረጋጋትና ስለ ማጣራት የሚሰጠውን ክፍል ነው።