ደረጃ በደረጃ የሚያድግ ጀግና ስለምን ይወደዳል?

በዘመናችን በጃፓን፣ በቻይናና በአሜሪካ ብዙ አንባቢ ያገኘ አንድ ዓይነት ልብ ወለድ አለ። ባለ ታሪኩ ደካማ ሆኖ ይጀምርና በልምምድና በፈተና ከአንዱ ማዕርግ ወደ ሌላው ይወጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው ታሪክ ስለምን ልብ እንደሚስብ ከቋራና ከሽሮ ሜዳ በተገኙ ሁለት ምሳሌዎች ማስረዳት ነው።

የመጀመሪያው ምሳሌ የቋራው ካሣ ኃይሉ ነው። ካሣ በ1840 ዓ. ም. ደባርቂ ላይ በግብፅ ጦር መድፍ ተሸነፈ። ከዚያ ወዲያ መድፍና ሥርዓት ያለው ጦር እንዲኖረው አጥብቆ ተመኘ። በ1845 ዓ. ም. በኅዳር ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በሰኔ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን፣ በየካቲት 1847 ዓ. ም. ደግሞ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥቶ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ብርሃኑ ዘሪሁንና አቤ ጉበኛ በልብ ወለድ መጻሕፍታቸው የጻፉለት ይህ ንጉሥ አንባቢን የሚማርከው በዘውዱ ብቻ አይደለም። አንባቢው እያንዳንዱን እርከን ይቆጥራል፤ የተከፈለበትንም ዋጋ ያውቃል።

ይህ ስሜት ከጦር ሜዳ ውጭም ይገኛል። ከእንጦጦ ግርጌ ያለችው ሽሮ ሜዳ በሸማ ሥራ የታወቀች ናት፤ ከሸማኔዎቿም ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው። ተለማማጁ በመጀመሪያ ማጉን በቀሰም ላይ ያጠነጥናል። ቀጥሎ ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ታች አውርዶ፣ መወርወሪያውን እየወረወረ ተራውን ሸማ ይሠራል። ጥለት የሚጥለው ግን እጁ ከበሰለ በኋላ ነው። ትናንት ያቃተው ዛሬ እንደ ተቻለው በሸማው ላይ ይታያል። እንዲህ ያለ ሰው የጀግናውን ዕድገት ሲሰማ የራሱን ሕይወት ያገኝበታል።

ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። በልብ ወለድ የደከመ ሁሉ ይወጣል፤ ደራሲው ፈቅዷልና። በሥራ ቤት ግን የሚያወጣውም የሚያስቀረውም አሠሪው ነው። ትምህርትና ሙያ ታገኛላችሁ ተብለው ከጋሞ ወደ አዲስ አበባ የመጡ ሕፃናት ረጅም ሰዓት በሽመና እንዲሠሩ መደረጋቸው የታወቀ ነገር ነው። ቀሰም ሲያጠነጥን ዓመታት ያለፉበት ልጅ ትጋት አላነሰውም፤ የጐደለው ቀጣዩ እርከን ነው።

ስለዚህ የዕድገት ታሪክ ተስፋን የሚያስተምር መልካም ታሪክ ነው። ሆኖም ያልወጣውን ሰው ሰነፍ ብለን ከመፍረዳችን በፊት መሰላሉ በእርግጥ ተዘርግቶለት እንደ ነበረ መመርመር ይገባናል።