የመረብ ኳስ የግል ችሎታ ውድድር ልዩ ልዩ አቅም ላላቸው ተማሪዎች፦ በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ትምህርት ቤቶች እንዴት ሊሠራበት ይችላል?

መግቢያ

የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ቦታ የተሰጠው ጥቂት ጎበዝ ተጫዋቾችን ለመምረጥ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ተማሪ አካሉን በሚገባ መጠቀምን እንዲማርና ከጓደኞቹ ጋር ተባብሮ መሥራትን እንዲለምድ ነው። ይሁን እንጂ በሜዳ ላይ የሚታየው አሠራር ብዙ ጊዜ ከዚህ ዓላማ ይርቃል። መምህሩ ክፍሉን በሁለት ቡድን ከፍሎ ኳሱን ሲሰጥ፣ ጨዋታው በአራት ወይም በአምስት ብርቱ ልጆች መካከል ብቻ ይሽከረከራል። ትምህርት ቀስ ብሎ የሚገባው፣ እጁ ወይም እግሩ የተጎዳ፣ ዓይኑ የደከመ ልጅ የጓደኞቹን ልብስና ደብተር ሲጠብቅ ወይም ከሜዳ የወጣ ኳስ ሲያመጣ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። በሴሚስተሩ መጨረሻ ግን ለእርሱም እንደ ሌሎቹ ውጤት መሞላት አለበት። ኳስ ላልነካ ልጅ የሚሞላው ውጤት በምን ላይ የተመሠረተ ነው? የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ ጥያቄ ነው።

የውድድሩ አመጣጥ

መረብ ኳስ ራሱ የተፈጠረው የሰዎችን የአቅም ልዩነት ከግምት በማስገባት ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. ዊልያም ሞርጋን የተባለ አሜሪካዊ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ጨዋታውን ያዘጋጀው፣ የቅርጫት ኳስ ሩጫና ግፊያ ለከበዳቸው ጎልማሶች እንዲመች አስቦ ነበር። ከዚያ በኋላ ጨዋታው አድጎ በ1964 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ ኦሊምፒክ ውስጥ ገባ።

የአካል ጉዳት ላለባቸው ስፖርተኞች ተቀምጠው የሚጫወቱት መረብ ኳስ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፓራሊምፒክ ይካሄዳል። በአገራችንም በዚሁ መድረክ በ1500 ሜትር ሩጫ ወንድዬ ፍቅሬ በ2012 እ.ኤ.አ. የብር፣ ትዕግስት ገዛኸኝ ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የቶኪዮ ውድድር የወርቅ ሜዳሊያ አግኝተዋል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች የተቋቋመው ስፔሻል ኦሊምፒክስ ደግሞ በ1968 እ.ኤ.አ. በዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር መሪነት በቺካጎ የመጀመሪያ ውድድሩን አደረገ። እዚህ የሚብራራው የግል ችሎታ ውድድር የዚህ ድርጅት የመረብ ኳስ ደንብ አንዱ ክፍል ሲሆን፣ የታሰበውም በስድስት ተጫዋቾች ቡድን ውስጥ ገብተው ለመጫወት ገና ላልደረሱ ስፖርተኞች ነው።

ሦስቱ ክህሎቶች

በውድድሩ ተወዳዳሪው ከሌላ ሰው ጋር አይጋጠምም። በሦስት መሠረታዊ ክህሎቶች፣ በእያንዳንዱ 10 ሙከራ እየተሰጠው ነጥብ ያገኛል። እነዚህም፦

ሀ) በጣቶች ከራስ በላይ ማቀበል። ረዳቱ ኳሱን በሁለት እጁ ከታች ወደ ላይ ይወረውርለታል፤ ተማሪው በጣቶቹ ተቀብሎ ወደ ላይ ይገፋል። ነጥቡ የሚወሰነው ኳሱ በወጣበት ከፍታ ነው።

ለ) መለጋት። ተማሪው ኳሱን በመረቡ ላይ አሳልፎ ወደ ተቃራኒው ሜዳ ይመታል። ነጥቡ የሚሰጠው ኳሱ ባረፈበት ክልል መሠረት ነው።

ሐ) በክንድ መቀበል። ከመረቡ ማዶ የተወረወረለትን ኳስ ሁለት ክንዶቹን አጋጥሞ ወደ ተወሰነ ቦታ ይመልሳል።

የሦስቱ ድምር የተማሪው የመጨረሻ ውጤት ይሆናል። የዚህ አሠራር ጠቃሚነት ግልጽ ነው። በቡድን ጨዋታ አንድ ደካማ ልጅ በ40 ደቂቃ ውስጥ ኳሱን ሁለት ጊዜ እንኳ ላይነካ ይችላል፤ እዚህ ግን 30 ጊዜ የመሞከር መብት አለው። ጎበዙም ደካማውም እኩል ቁጥር ይሞክራሉ።

መምህሩ ነጥብ አሰጣጡን ለትምህርት ቤቱ በሚመች መንገድ ማቅለል ይችላል። ለምሳሌ ተቃራኒውን ሜዳ 3 ሜትር ስፋት ባላቸው ሦስት ክልሎች በአመድ ከፍሎ፣ ለቅርቡ 1፣ ለመካከለኛው 2፣ ለሩቁ 3 ነጥብ መስጠት ይቻላል።

በአቅም መመደብ

ውድድሩን ፍትሐዊ የሚያደርገው ከነጥቡ ይልቅ ምደባው ነው። ተወዳዳሪዎች በመጀመሪያ ይለካሉ፤ ከዚያም በጾታ፣ በዕድሜና በተቀራራቢ ውጤት በምድብ ይከፈላሉ። ለረጅም ጊዜ በመመሪያነት ያገለገለው ሐሳብ፣ በአንድ ምድብ ውስጥ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ውጤት መካከል ያለው ልዩነት ከ15 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል ነው። ዝቅተኛው 40 ነጥብ ከሆነ ከፍተኛው ከ46 ማለፍ የለበትም ማለት ነው። በዚህ ዓይነት በመጨረሻው ምድብ ያለ ልጅ እንኳ የሚያሸንፍበት እውነተኛ ዕድል ይኖረዋል። እዚህ ላይ መምህሩ አንድ ነገር መጠበቅ አለበት። ይኸውም ዝቅ ወዳለ ምድብ ለመግባት ሲል በመጀመሪያው ልኬታ አቅሙን የሚደብቅ ተማሪ እንዳይኖር ነው።

የቆላው ሁኔታ

መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ናቸው። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ሰሊጥ ሲደርስ ብዙ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ወደ እርሻ ይሄዳሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍባቸው ቀኖች አሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ልኬታ አጨዳው ሲያበቃ በታኅሣሥ፣ ሁለተኛው ሙቀቱ ሳይከር በየካቲት ቢደረግ ይመረጣል። ሰዓቱም ጧት ፀሐይ ሳይበረታ መሆን አለበት፤ የመጠጥ ውሃና ጥላ ሳይዘጋጅ ውድድር መጀመር አይገባም።

የአካባቢው ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። እግሩ ለማይጠና ልጅ ስንጥቁ አደገኛ ነው። በመሆኑም ሜዳው በአሸዋ ወይም በቀይ አፈር ተደልድሎ መዘጋጀት ይኖርበታል። መረብ ከሌለ በሁለት ምሰሶ የተወጠረ ገመድ ይበቃል።

የቋንቋም ጉዳይ አለ። በአካባቢው ከአማርኛ ሌላ ጉሙዝኛ የሚናገሩ ተማሪዎች አሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተጀመረ በኋላም ብዙ ሰዎች በመተማ በኩል ድንበር ተሻግረው ገብተዋል። ክህሎቱን በቃል ከማብራራት አስቀድሞ በተግባር ማሳየት እነዚህንም፣ መስማት የተሳናቸውንም፣ ትምህርት ቀስ ብሎ የሚገባቸውንም በአንድነት ይጠቅማል። ከዚህም ሌላ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በጸጥታ ችግር ምክንያት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ልጆች በርካታ ናቸው። ከረጅም ዕረፍት በኋላ የሚመለስን ልጅ ከራሱ የቀድሞ ውጤት ጋር የሚያነጻጽር አሠራር፣ ከሌሎች ኋላ ቀረህ ከሚለው ይልቅ ያበረታታዋል።

ለዕቅድ አውጪዎች

ውድድሩ ጊዜ ይፈጃል የሚለው ሥጋት በስሌት ሊመዘን ይገባል። 60 ተማሪዎች ያሉበት ክፍል ቢወሰድ፣ እያንዳንዱ 30 ጊዜ ሲሞክር በድምሩ 1,800 ሙከራ ይሆናል። ለአንዱ ሙከራ 15 ሴኮንድ ቢያስፈልግ ጠቅላላው 450 ደቂቃ ነው። በአንድ ኳስ ብቻ ከተሠራ 40 ደቂቃ ያላቸው ከ11 በላይ ክፍለ ጊዜዎች ይወስዳል። ሦስት ኳሶች ኖረው ሦስቱ ክህሎቶች በሦስት ቦታ ጎን ለጎን ከተካሄዱ ግን 150 ደቂቃ ወይም አራት ክፍለ ጊዜ ያህል ይበቃል። እንግዲህ ልዩነቱን የሚያመጡት ሁለት ተጨማሪ ኳሶች ናቸው። ተራ የሚጠብቁት ተማሪዎች ደግሞ ነጥብ መዝጋቢ፣ ኳስ ወርዋሪና መስመር ተመልካች ሆነው ይሠራሉ።

የኳሱ ዓይነትም ይታሰብበት። መደበኛው ኳስ ከ260 እስከ 280 ግራም ይመዝናል፤ ለጀማሪና ለደካማ እጅ ከዚህ የቀለለና የተለቀ ኳስ ይሻላል። የመለጊያውንም መስመር ወደ መረቡ ማቅረብ ይቻላል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ነጥቦች

የግል ችሎታ ውድድር መሸጋገሪያ እንጂ መድረሻ አይደለም። መምህሩ ደካሞቹን ለብቻ አስቀምጦ ዓመቱን ሙሉ ሲያስለጋቸው ቢቆይ፣ ከዳር ቆሞ ከመመልከት ብዙም ያልተለየ መገለል ይሆናል። ውድድሩ ለክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ መሰጠት አለበት፤ ምድቦቹም በቁጥር ወይም በቀለም እንጂ በጉዳት ስም መጠራት የለባቸውም። ቀጥሎም በጋራ ቡድን እንዲጫወቱ ማድረግ ያስፈልጋል። በስፔሻል ኦሊምፒክስ የጥምር ስፖርት ደንብ በሜዳው ላይ ሦስት የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውና ሦስት የሌለባቸው ተጫዋቾች በአንድ ቡድን ይሰለፋሉ፤ ይህም ለክፍል ጥሩ አርአያ ነው።

ማጠቃለያ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፣ በ2002 ዓ.ም. አገራችን ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣውም የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂ ልዩ ልዩ አቅም ያላቸውን ልጆች የማስተማር ግዴታን አስቀምጠዋል። ግዴታው የሚፈጸመው ግን በሰነድ ላይ ሳይሆን በክፍልና በሜዳ ነው። በታኅሣሥ ከ10 ልጊያ ሁለቱን ብቻ በመረቡ ላይ ያሳለፈ ልጅ በየካቲት አምስቱን ካሳለፈ፣ መምህሩ በውጤት መዝገቡ ላይ የሚያሰፍረው እውነተኛ ነገር አግኝቷል፤ ልጁም ለወላጆቹ የሚናገረው አግኝቷል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሦስት ኳስ፣ አንድ ገመድ፣ ጥቂት አመድና የእያንዳንዱን ልጅ ሙከራ በትዕግሥት የሚቆጥር መምህር ነው።