በምግብ ቤቶች ውስጥ ሲጃራ ማጨስን ስለ መከልከል፤ ሕጉና የሰበታ፥ የቡራዩና የሱሉልታ ነጋዴዎች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ መንገድ የሚጓዝ ሰው ሰበታን፥ በአምቦ መንገድ የሚጓዝ ቡራዩን፥ በጎጃም መንገድ የሚጓዝ ሱሉልታን ሳይረግጥ አያልፍም። እነዚህ ሦስት ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል ሸገር ከተማ በተባለው አዲስ አስተዳደር ውስጥ ተጠቃለዋል። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ግን የምግብ ቤትና የቡና ቤት ንግዳቸው የቆመው በመንገዱ ላይ ነው። የጭነት መኪና ነጂው ምሳውን የሚበላው፥ መንገደኛው ቡናውን የሚጠጣው፥ የአዲስ አበባ ሰው በሰንበት ቀን ጥሬ ሥጋ ሊቆርጥ የሚወጣው ወደነዚሁ ቤቶች ነው። ስለዚህ በምግብ ቤት ውስጥ ሲጃራ ስለ ማጨስ የሚደረገው ክርክር ለእነዚህ ከተሞች ነጋዴ የሩቅ ወሬ ሳይሆን የዕለት ገበያው ጉዳይ ነው።

ትምባሆን መከልከል በኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን አጥብቀው እንደ ከለከሉ በታሪክ የታወቀ ሲሆን፥ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ካህናትም ምእመናንን ከማጨስ ሲያርቁ ኖረዋል። ዘመኑ ሲለወጥ ግን ትምባሆ የመንግሥት ገቢ ምንጭ ሆነ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 የትምባሆ ሞኖፖል ተቋቁሞ ሲጃራ መሥራትና መሸጥ በእጁ ገባ። ይኸው ድርጅት ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በ2016 እና በ2017 እ.ኤ.አ. በሁለት ጊዜ ሽያጭ፥ ከመቶ 71 እጅ የሚጠጋው ድርሻው ወደ ጃፓን ትምባሆ ኩባንያ ተላልፏል። ለመጀመሪያው ድርሻ 510 ሚሊዮን፥ ለሁለተኛው 434 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተከፍሏል። ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ንግድ በአንድ በኩል ቆሞ ሳለ፥ በሌላው በኩል የሕዝብ ጤና ጥያቄ መነሣቱ ክርክሩን ከባድ አድርጎታል።

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ1996 ዓ.ም. ፈርማ በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች። ከዚያም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅን፥ ቁጥሩ 1112 የሆነውን፥ አጸደቀ። በዚህ ዐዋጅ መሠረት ለሕዝብ ክፍት በሆነና ጣራ ባለው ቤት ውስጥ፥ እንደዚሁም በሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው። ክልከላው ከበርና ከመስኮት እስከ 10 ሜትር ድረስ ወደ ውጭ ይዘልቃል። ምግብ ቤቱ፥ ቡና ቤቱ፥ መጠጥ ቤቱና ሆቴሉ ሁሉ በዚህ ይጠቃለላሉ። በአዳራሹ አንድ ጥግ ለአጫሾች ጠረጴዛ መለየትም ባለቤቱን ከተጠያቂነት አያድነውም።

ክልከላውን የሚነቅፉ ነጋዴዎች የሚያቀርቡት ምክንያት በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በመጀመሪያ፥ ደንበኛ ንጉሥ በሆነበት ገበያ ባለቤቱ ደንበኛውን «ሲጃራህን አጥፋ» ብሎ ማዘዝ ጠብ መጋበዝ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፥ አጫሹ ብቻውን አይመጣም፤ አምስት ባልንጀሮች ይዞ መጥቶ ቅር ቢለው አምስቱን ይዞ ይሄዳል። ሦስተኛ፥ በሱሉልታ ብርድ፥ በተለይም በክረምት ማታ፥ ደንበኛን ከደጅ አቁሞ ማስጨስ ከማባረር አይለይም። አራተኛው ምክንያት ግን ከሁሉ የጠነከረ ነው። በመንገድ ዳር ያሉት ብዙ ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው የተሠሩ ናቸውና፥ ከአንዱ በር 10 ሜትር የራቀ ሰው የጎረቤቱ በር ላይ ይቆማል።

ክልከላውን የሚደግፉት ደግሞ ነገሩን ከወጥ ቤትና ከመስተንግዶ ሠራተኞች ይጀምሩታል። ደንበኛው አንድ ሰዓት ተቀምጦ ይሄዳል፤ አስተናጋጇ ግን ከጧት እስከ ማታ ያንኑ ጢስ ትተነፍሳለች። የምትተነፍሰውም ደመወዟን ላለማጣት እንጂ ወዳ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስታውቀው ራሳቸው ሳያጨሱ በሌሎች ጢስ ምክንያት የሚሞቱት ሰዎች በያመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው። በኢትዮጵያ በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት ደግሞ ትምባሆ የሚጠቀሙት ከመቶው አዋቂ 5 ያህል ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ ቁጥር ለነጋዴ ትልቅ ትርጉም አለው። ጢስ የሚጠላውን፥ ልጆቹን ይዞ ሊበላ የሚመጣውን፥ ሳል ያለበትን ሽማግሌ አስቀይሞ ከመቶ አምስቱን ማስደሰት በሒሳብ መዝገብ ላይ ትርፍ ሆኖ አይገኝም። አጫሹ ሲቀየም ድምፁን ያሰማል፤ ጢሱን የጠላው ግን ሒሳቡን ከፍሎ ዝም ብሎ ይወጣና ሁለተኛ አይመለስም። የዝምተኛው ደንበኛ ኪሳራ ስለማይታይ እንዳልነበረ ይቈጠራል።

ስለ ገበያው ፍርሃት የሌላው ዓለም ልምድ ትምህርት ይሰጣል። አየርላንድ በመጋቢት ወር 2004 እ.ኤ.አ. በመጠጥ ቤቶችዋ ሁሉ ማጨስን ስትከለክል ብዙዎቹ ነጋዴዎች ቤታቸው የሚዘጋ መስሎአቸው ነበር። የኒው ዮርክ ከተማ በ2003 እ.ኤ.አ. ከልክላ ከአንድ ዓመት በኋላ የምግብና የመጠጥ ቤቶችዋ የግብር ገቢ ከመቶ 8.7 ከፍ ብሎ መገኘቱን አስታውቃለች። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም በ2009 እ.ኤ.አ. ጥናቶችን መርምሮ፥ ክልከላው የምግብ ቤቶችን ንግድ አይጐዳም ወደሚል መደምደሚያ ደርሷል። ኒው ዮርክና ሱሉልታ አንድ አይደሉም፤ ሆኖም ሰው ወደ ምግብ ቤት የሚሄደው አስቀድሞ ለመብላት መሆኑ በሁለቱም ቦታ አንድ ነው።

ለሦስቱ ከተሞች ዋናው አደጋ ሕጉ ራሱ ሳይሆን ሕጉ በአንዱ ላይ ጸንቶ በሌላው ላይ መላላቱ ነው። ሕጉን አክብሮ የሲጃራ መተርኮሻውን ከጠረጴዛ ያነሣው ነጋዴ፥ ጎረቤቱ መተርኮሻ ደርድሮ ደንበኞቹን ሲወስድበት ቢያይ፥ ታማኝነቱ ቅጣት ሆነበት ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቁጥጥሩ ጠብቆ በከተማው ዳር ቢላላም አጫሹ ሁሉ ወደ ዳር ይጎርፋል፤ ይህም ለጊዜው ገበያ ቢመስልም ቤተ ሰብ ይዞ የሚመጣውን እንግዳ ያርቃል። ስለዚህ ቁጥጥሩ ለሁሉም እኩል ይሁን ብሎ ተባብሮ መጠየቅ የነጋዴው የራሱ ጥቅም ነው። ስለ 10 ሜትሩም ቢሆን፥ ጎረቤታሞቹ ተስማምተው በጋራ ጓሮ ወይም በመኪና ማቆሚያው ዳር ከሁሉም በር የራቀ አንድ ቦታ ቢለዩ ጠቡ ይቀራል። ደንበኛን በጨዋ ቃል ወደዚያ መምራትም «አጥፋ» ብሎ ከማዘዝ ይልቅ ይቀላል።

ባለ ሱቆችና አስመጪዎችም ከዚህ ዐዋጅ የሚመለከታቸውን ክፍል ልብ ሊሉት ይገባል። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥ ተከልክሏል። የትምባሆ ማስታወቂያም ክልክል ነው። በፓኮው ፊትና ጀርባ ከመቶ 70 እጅ የሚሆነው ቦታ በጤና ማስጠንቀቂያ ሥዕልና ጽሑፍ መሸፈን አለበት። ሺሻን፥ የኤሌክትሪክ ሲጃራንና ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ ማስመጣትና መሸጥ አይፈቀድም፤ ይህን ሳያውቅ ዕቃ ያዘዘ አስመጪ ገንዘቡን በገዛ እጁ አጣ ማለት ነው። በዚህም ላይ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ በሲጃራ ላይ ከመቶ 30፥ በተጨማሪም በያንዳንዱ ባለ 20 ፍሬ ፓኮ 8 ብር ጥሎ ነበር። ይህ ሁሉ ሲደመር መንግሥት የትምባሆን ገበያ ለማጥበብ የቆረጠ መሆኑን ያመለክታል፤ አስተዋይ ነጋዴም ካፒታሉን በሚጠብ ገበያ ላይ አያሳድርም።

በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ያለው የምግብ ቤት ባለቤት ክርክሩ እስኪያልቅ ቢጠብቅ የሚያተርፈው ነገር የለም፤ ዐዋጁ ወጥቷልና። ማስታወቂያውን በግልጽ ቦታ ቢለጥፍ፥ መተርኮሻውን ቢያነሣ፥ አስተናጋጆቹን እንዴት እንደሚናገሩ ቢያስተምርና በጓሮው አግዳሚ ወንበር ቢያኖር ወጪው ጥቂት ነው። በምላሹም የሠራተኞቹን ጤና ይጠብቃል፤ ከተቆጣጣሪው ጋር ከመጨቃጨቅ ይድናል፤ የወጡም ሽታ ከጢስ ሳይቀላቀል ለደንበኛው ይደርሳል። ምግብ ቤት ደግሞ የሚታወቀው በወጡ ነው።