በፈረንሳይኛ የተጻፉ የጭነትና የኪራይ ቃሎች ወደ እንግሊዝኛ ሲመለሱ ስለሚደርሰው ስሕተት

ከውጭ አገር የሚመጣ የውሃ መሳቢያ ሞተር ወይም ማዳበሪያ ደብረ ታቦር እስኪደርስ ድረስ ወረቀቱ በሦስት ቋንቋ ያልፋል። የጅቡቲ መንግሥት የሥራ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ የአዲስ አበባ ባንክ ሰነዱን በእንግሊዝኛ ይሻል፤ ገንዘቡን የሚያወጣው ገበሬና የሚፈቅደው ሹም ግን ነገሩን የሚረዱት በአማርኛ ነው። በዚህ ልውውጥ አንዲት ቃል የተሳሳተች እንደ ሆነ፤ ኪሳራው የሚወድቀው በዕቃው ገዢ ላይ ነው እንጂ በተርጓሚው ላይ አይደለም።

የፈረንሳይኛው ቃል ወደ እኛ የገባው ከምድር ባቡር ጋራ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የኩባንያው ሥራ በፈረንሳይኛ ይካሄድ ነበር፤ «ለገሃር» የምንለው የሰፈር ስም ራሱ «ላ ጋር» ከሚለው ከፈረንሳይኛው የጣቢያ ስም የቀረልን ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከፈረንሳይ ሻጮች በሚመጣው ወረቀት ላይ ግን የቀድሞዎቹ ቃሎች ዛሬም ይገኛሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው «ፖር» የሚለው ቃል ነው። በፈረንሳይኛ ወደብም «ፖር» ይባላል፤ የዕቃ ማጓጓዣ ኪራይም «ፖር» ይባላል። «ፖር ፔዬ» የተባለ እንደ ሆነ ላኪው ኪራዩን ከፍሏል ማለት ነው። «ፖር ዱ» የተባለ እንደ ሆነ ግን ኪራዩ ገና አልተከፈለም፤ ዕቃውን የሚረከበው ሰው ይከፍላል ማለት ነው። ይህን እንግሊዞች «ካሪጅ ፎርዋርድ»፤ አሜሪካኖች «ፍሬይት ኮሌክት» ይሉታል። እንግሊዝኛም ደግሞ በጽሕፈት ይህን የሚመስል «ፖርት ዲዩስ» የሚል ቃል አለው፤ ትርጓሜው ግን መርከብ ወደብ ስለ ገባ የሚከፍለው ግብር ነው። የወረታን ደረቅ ወደብ ለለመደ ሰውማ «ወደብ» የሚለውን ባየ ጊዜ ነገሩ እደጁ የደረሰ ሊመስለው ይችላል።

እኔ ራሴ ይህን ስሕተት ሠርቻለሁ። ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር የታዘዘውን የወፍጮ ሞተር ወረቀት ተርጕም ተብዬ «ፖር ዱ» የሚለውን «የወደብ ግብር» ብዬ ጻፍሁ። ማኅበሩም የቀረብን ጥቂት ነው ብሎ በተረፈው ገንዘብ ዘር ገዛበት። ዕቃው ሲደርስ ሙሉ ኪራዩ ተጠየቀ፤ ገንዘቡ እስኪዋጣም ሞተሩ በመጋዘን ስለ ቆየ የመጋዘን ኪራይ ተጨመረበት። ይህን የመጋዘን ኪራይ ፈረንሳዮች «ማጋዚናዥ» ይሉታል፤ እርሱን እንኳ በትክክል ተርጕሜው ነበር።

«ፍራንኮ» የሚለው ቃል ደግሞ ኪራዩ በሻጩ ላይ ነው ማለት ሲሆን፤ እስከ የት እንደ ሆነ የቦታ ስም ካልተጨመረበት አይታመንም። «ፍራንኮ አ ቦር» በእንግሊዝኛ «ፍሪ ኦን ቦርድ» ነው፤ ሻጩ ዕቃውን መርከብ ላይ እስኪጭን ድረስ ብቻ ይከፍላል። ፈረንሳዮች «ሴ አ ኤፍ» ብለው የሚያሳጥሩት እንግሊዞች «ሲ አይ ኤፍ» የሚሉት ነው፤ በዚህ ዋጋ ውስጥ የዕቃው ዋጋ፤ ኢንሹራንሱና የመርከብ ኪራዩ ይገኛሉ። በፓሪስ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት እንዲህ ያሉትን ውሎች አንድ ለማድረግ ደንቡን መጀመሪያ ያወጣው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የታደሰው ደንብ ይሠራበታል።

እንግዲህ ሻጩ «ፍራንኮ ጅቡቲ» ሲል ደብረ ታቦር አደርሳለሁ ማለቱ አይደለም። ከወደቡ ወዲህ ያለው የየብስ መንገድ ሁሉ በገዢው ላይ ነው፤ ከወረታ ሜዳ ተነሥቶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ የሚወጣው፤ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ወዳለችው ከተማ የሚደርሰው መኪና ናፍጣውን የሚጨርስበት መንገድም ከዚሁ ጋራ ይቈጠራል። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በጋፋት የተሠራውን 7 ቶን ያህል የሚመዝን ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ ኪራዩ በሰው ጕልበት ተከፈለ፤ ዛሬ ግን በብር ይከፈላልና አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ስለ ሚዛንም ጥቂት ልበል። የፈረንሳይ ቶን 1,000 ኪሎ ነው፤ የእንግሊዝ የጥንቱ ቶን 1,016 ኪሎ፤ የአሜሪካው 907 ኪሎ ነው። 300 ቶን ማዳበሪያ በእንግሊዝ ቶን ታስቦ በፈረንሳይ ቶን ቢመጣ 48 ኩንታል ያህል ይጐድላል፤ ሌባ ግን የለም።

«አቫሪ ኮሚውን» የሚለውን ቃል ያየ ሰው «የጋራ ብልሽት» ብሎ አይለፈው። በእንግሊዝኛ «ጄኔራል አቬሬጅ» ይባላል። መርከብ በማዕበል ሲጨነቅ እርሱንና የቀረውን ጭነት ለማዳን ከዕቃው ከፊሉ ወደ ባሕር ቢጣል፤ ጕዳቱን ባለመርከቡና ባለዕቃዎች ሁሉ እንደየዋጋቸው ይካፈሉታል። የእርስዎ ከረጢት ሳይነካ ቢደርስም ድርሻዎን ይጠየቃሉ፤ ኢንሹራንስ ከተገባ ግን ኢንሹራንሱ ይከፍላል።

የወረዳ ጸሐፊዎችም ሲተረጕሙ የፈረንሳይኛውን ቃል ከአማርኛው አጠገብ እንዳለ ይተዉት እንጂ አይሰርዙት፤ ሙግት በተነሣ ጊዜ የሚታየው እርሱ ነውና።