የጨለማ ቤት ችግኝና የመብራት ልጓም

በሥነ ፍጥረት ትምህርት ዕፅዋትና አዝርዕት በዕለተ ሠሉስ፣ ፀሐይ ግን በማግሥቱ በዕለተ ረቡዕ እንደ ተፈጠሩ ሲነገር የሰማ ሰው፣ ያን ጊዜ ቅጠል ያለ ፀሐይ በምን ጸና ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱም በዕለተ እሑድ የተፈጠረው ብርሃን አስቀድሞ ነበረ የሚል ነው። ይህ ነገር ትዝ ያለኝ በቤተ ክርስቲያን ሳይሆን በሐረር፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ ባለው ጠባብ መንገድ፣ ጥቂት የሰላጣና የቃሪያ ችግኝ በቤት ውስጥ ላሳድግ በተነሣሁ ጊዜ ነው።

በጀጎል ቅጥር ውስጥ ያለ ጥንታዊ የሐረሪ ቤት፣ ግንቡ ወፍራም ድንጋይ፣ መደቡ በቀይ አፈር የተለቀለቀ፣ ግድግዳው በስፌትና በሳሕን ያጌጠ ሆኖ፣ ብርሃን የሚገባበት አብዛኛውን ጊዜ በደጃፉ ስለ ሆነ፣ ቀትር ላይ ለሚያርፍ እንግዳ እጅግ የተመቸ ሲሆን ለቅጠል ግን ዋሻ ነው። ሰፊ ግቢ ያለው ሰው ችግኙን ወደ ፀሐይ ያውጣ፤ በሐረር ሰማይ ሥር ለእርሱ መብራት መግዛት ለዓባይ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። እኔ ግን የነበረችኝ ከእልፍኙ ጎን ያለች መስኮት የሌላት አንዲት ክፍል ነበረች።

ዕፅዋትን በመብራት ማሳደግ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በእርሻ ምርምር ተቋማት የቲሹ ካልቸር ክፍሎች፣ የድንችና የሙዝ ቡቃያ በጠርሙስ ውስጥ ሆኖ በመደርደሪያ ላይ በነጭ ፍሎረሰንት ያድጋል። የአበባ እርሻዎቻችንም ሃይፐሪከም የተባለውን አበባ ሲያለሙ በሌሊት መብራት ያበሩለታል፤ ምክንያቱም ይህ ተክል የሚያብበው ቀኑ ሲረዝምለት ሲሆን፣ ለምድር ወገብ በቀረበችው አገራችን መዓልትና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ ሊተካከሉ ጥቂት ስለሚቀራቸው፣ የሚጠብቀው ረጅም ቀን ከቶ አይመጣለትም። ተክል የቀንና የሌሊትን ርዝመት ለይቶ እንደሚያውቅ ጋርነርና አላርድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1912 ዓ.ም. አሳትመው አስረድተዋል።

አምፖል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቀጭን ሽቦ ግሎ የሚያበራውን ነው። ፍሎረሰንቱ፣ በአስፋልት ዳር ወርቅማ ጸዳል የሚረጨው ሶዲየም፣ ነጩም ሜታል ሃላይድ ግን የሚያበሩት በውስጣቸው የታፈነው ጋዝና ትነት ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ነው። የጋዝ ጠባይ ደግሞ ከሽቦ ጠባይ ይለያል፤ ኤሌክትሪክ በበዛበት መጠን የመከላከል ኃይሉ እየደከመ፣ በደከመም መጠን ይበልጥ እየሳበ ይሄዳልና፣ የሚገታው ካላገኘ በቅጽበት ራሱን ያጠፋል። ይህን ጋላቢ የሚገታው ልጓም ባላስት ይባላል።

የቀድሞው ባላስት በተነባበረ ብረት ላይ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ነው፤ ይከብዳል፣ ይሞቃል፣ ሲያረጅም ያጉረመርማል። የእኛ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ዓይናችን ባያስተውለውም በእርሱ የሚነዳው አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዲጂታል የሚባለው ግን የመጣለትን ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ወደ አንድ አቅጣጫ ካቀና በኋላ በትራንዚስተር እየቆራረጠ፣ ለፍሎረሰንት ሲሆን በሴኮንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ ያመላልሰዋል፤ ፍሎረሰንትም በዚህ ፍጥነት ሲነዳ በዚያው ኃይል ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ብርሃን ይጨምራል። ይህ መሣሪያ እንግዳ የሚመስለው ቢኖር ኃይል ቆጣቢ የተባለውን ጥምዝ አምፖል ያስታውስ፤ ከመስተዋቱ በታች ያለችው ነጭ የፕላስቲክ ቋት የያዘችው ይኸንኑ ባላስት ነውና፣ ስንቱ ቤት ሳያውቀው ለዓመታት ሲገለገልበት ኖሯል።

ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ለመጠየቅ ፈረስ መጋላ ካለ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ ዘንድ ብሄድ፣ ልጁ የብረቱን ባላስት በቀኝ እጁ፣ ዲጂታሉን በግራ እጁ መዝኖ አሳየኝ። «አባባ» አለኝ፣ «ይኼኛው ቢቃጠልም ሽቦውን እንደገና ጠምጥሜ አስነሣዋለሁ። ያኛው ግን አንዴ ካበቃ አበቃ፤ ቢከፍቱት ምን ያገኛሉ?» ንግግሩ እውነት ነበረበት። ዲጂታሉ የቮልቴጅን ከፍና ዝቅ ማለት በመጠኑ ችሎ ለአምፖሉ የተስተካከለ ኃይል ይሰጣል፤ ነገር ግን ጠፍቶ በድንገት የሚመለስ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ሆዱን ያቃጥለዋል። እኔም መከላከያ መሣሪያ ጨምሬ ዲጂታሉን ገዛሁ፤ ልጁ በልቡ ሳይስቅብኝ አልቀረም። ያልጠበቅሁት ችግር ሌላ ነበር፤ ርካሽ ዲጂታል ባላስት የሬዲዮ ሞገድ ያውካልና፣ ባበራሁት ቁጥር የማታው ዜና በንብ ጩኸት ተዋጠ። ሬዲዮኑን ወደ ሌላኛው ክፍል አዛወርሁት።

ባላስትና አምፖል እንደ ቁልፍና እንደ ጋን ሊገጥሙ ይገባል፤ ለ400 ዋት የተሠራው ባላስት ለ400 ዋት አምፖል ብቻ ነው፤ የሶዲየሙም የሜታል ሃላይዱ ነው ማለት አይደለም፤ ሶዲየም ለመነሣት ብቻ ከ2,000 ቮልት በላይ የሆነ ምት ይፈልጋልና። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሉመን ደግሞ ብዙ ገዥ ያታልላል፤ ሉመን የሰው ዓይን መለኪያ ሲሆን፣ ዓይናችን ከሁሉ አብልጦ የሚያየው አረንጓዴና ቢጫውን ነው፤ ቅጠል ግን ከሰማያዊው እስከ ቀዩ፣ ማለት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን ኅብረ ቀለም ይመገባል። በሶዲየም ብቻ የሚያድግ ችግኝ ሰማያዊው ስለሚጎድልበት ያለ ልኩ ይመዘዛል፤ ለሚያፈራ ተክል ግን ያው ቀይማ ብርሃን ይስማማዋል። ሜታል ሃላይዱ ነጭና ሰማያዊ ብርሃኑ ብዙ ስለ ሆነ ለቅጠል ይሻላል።

ለእኔ ጠባብ ክፍል 400 ዋት ሶዲየም ችግኙን ከማሳደግ ይልቅ ባበሰለው ነበር። ስለዚህ ቲ5 የተባለውንና ከዲጂታል ባላስት በቀር የማይስማማውን ቀጭን ፍሎረሰንት፣ ባለ 54 ዋቱን፣ ቀለሙን 6500 ኬልቪን አድርጌ፣ ከቅጠሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጌ ሰቀልሁ። አሁን ኤል ኢ ዲ ሁሉን እያስረጀ መምጣቱን አላጣሁትም፤ እርሱም ቢሆን ስሙ ተለውጦ ድራይቨር የተባለ የራሱ ልጓም አለው።

አንድ ምሽት፣ ከፈላና በር ውጭ ሰዎች በመኪና መብራት ጅብ ሲመግቡ ለማየት በተሰበሰቡበት ሰዓት፣ መብራት ጠፋ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲመለስ የእኔ ፍሎረሰንት በቅጽበት ቦግ ብሎ ቃሪያዎቹን አነጣቸው፤ በደጃፌ አሻግሬ የማየው የመንገዱ ሶዲየም ግን መጀመሪያ ደብዘዝ፣ ቀጥሎ ቢጫ እያለ፣ ወርቅ እስኪሆን ደቂቃዎች ፈጀበት።